ኡኡ ቢሉ የማይወጣበት ሰፈር

ተሻለች ያንን ቪላ ስትረግም በውሃው ነው የምትጀምረው። ሰው ሁሉ ያመሰገነላት ውሃውን ነበርና። «ታድለሽ፣ ቧንቧው እቤትሽ ሊገባልሽ ነው» አሏት የታች ሰፈር ሴቶች፣ ጓዟ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ላይ ሲጫን ቆመው እያዩ። እሷም ታድያለሁ ብላ ነበር። ከቦኖ በእንስራ ውሃ ስታመላልስ ወገቧ የጎበጠ ሴት፣ ግድግዳ ላይ ያለች ብረት ጠምዝዛ ውሃ ስታወርድ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?

ባሏ ደመቀ ከጮሌ ገጠር የወጣ፣ በትራክተር ዘይት ያደገ መካኒክ ነው። በ1972 መስከረም የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አድርገው ሾሙትና ከሹመቱ ጋር ቪላ ሰጡት። ቪላዎቹ ከአሰላ ከተማ በላይ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ ድሮ ለፈረንጅ ባለሙያዎች የተሠሩ ናቸው። ፈረንጆቹ ሲሄዱ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ገቡባቸው። ሀብታምና ድሃ ቀርቷል እየተባለ በየስብሰባው ይጨበጨብ እንጂ፣ አሰላ ውስጥ ሀብታም የት እንደሚኖር የጠየቃችሁት ሕፃን ሁሉ በአገጩ ወደዚያ ዳገት ያሳያችሁ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በጥድ አጥር ተከቧል፤ ጥዱ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ፣ ተከርክሞ፣ እንደ ግንብ ድፍን ብሏል። በዋናው መግቢያ ላይ ዘበኛ አለ። መንገዱ ጭቃ የለውም። መንገዱ ላይ ሰውም የለም።

በገባች ሰሞን እንኳን ደህና መጣሽ የሚላት ጎረቤት ስትጠብቅ ሰነበተች። ማንም አልመጣም። እንግዲህ የሰፈሩ ደንብ እንግዳ ራሱ የሚተዋወቅበት ይሆናል ብላ ድፎ ዳቦ ጋገረችና በሳህን ይዛ ወደ ቅርቧ ቤት ሄደች። የከብት እርባታ ባለሙያው ሚስት የወይዘሮ የውብዳር ቤት ነው። ሠራተኛዋ ፋጡ ዳቦውን በር ላይ ተቀበለቻት። በማግስቱ ሳህኑ ተመለሰ፤ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን። ተሻለች ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። በታች ሰፈር ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ የቸገራት እንኳ አንድ እፍኝ ሽንብራ ወይም አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል አድርጋበት ትልካለች። ባዶ ሳህን የሚልክ ሰው ከእንግዲህ አትምጪብኝ ማለቱ ነው።

«አያውቁ ይሆናላ» አላት ደመቀ። «የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር አይቆጥሩም።»

«እናት አልነበራቸውም?» አለችው።

ከዚያ በኋላ የምታነጋግረው ሰው ያገኘችው በመሠረተ ትምህርት ብቻ ነበር። የሰፈሩ ትምህርት የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ በአንድ ባዶ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወይዛዝርቱ ሁሉ ፊደል የቆጠሩ ስለሆኑ ተማሪዎቹ የቤት ሠራተኞችና ዘበኞች ናቸው። ከቪላ ወጥታ ከነሱ ጋር ቁጢጥ የምትለው ተሻለች ብቻ ነበረች። መጀመሪያ አካባቢ ሠራተኞቹ ስትገባ ይነሱላት ነበር፤ እሷ ግን አፍራ «ተቀመጡ እባካችሁ፣ እኔም ያው ሀሁ ነኝ» ስትላቸው ስቀው ለመዷት።

ተሻለች ፈሪ እናት ናት። የማትፈራበት ምክንያት የላትም፤ ከማሚቱ በፊት ሁለት ቀብራለች፤ አንዱን በኩፍኝ፣ አንዱን ገና ስም ሳይወጣለት። ማሚቱ አራት ዓመቷ ነው። ልጅቱ ስታስነጥስ እናቷ ከተቀመጠችበት ትነሳለች። ይህን ፍርሃቷን በታች ሰፈር ሴቶቹ ይቀልዱባት ነበር እንጂ ብቻዋን አይተዉባትም ነበር፤ ማሚቱ ያደገችው በአንድ ሰው ዓይን ሥር ብቻ አይደለም። እዚህ ግን ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያላት፤ የናቷ።

ነገሩ የሆነው ደመቀ ኮምባይነር ሊጠግን ሮቤ በሄደ ጊዜ፣ ጠራራ ፀሐይ ሳለ ነው። ተሻለች ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ማሚቱ ሳሙና እወስዳለሁ ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። የዚያ ቤት በሮች ከውስጥ በኩል እንደ ጆሮ ያለች ትንሽ ብረት አላቸው፤ ስትጠመዘዝ በሩ ይቆለፋል። በታች ሰፈር በራቸው በቀን መጋረጃ፣ በማታ መወርወሪያ ነበር። እንዲህ ያለ በር ሕፃን እንደሚቆልፍ፣ ቆልፎ መክፈት እንደሚያቅተው፣ ከዚያ ቤት የመጣ ማን ያውቃል? ማሚቱ ብረቷን ጠመዘዘች። ገንዳው ውስጥ ገባች። ቧንቧውንም ከፈተች።

ተሻለች ስትገባ ውሃው ሲወርድ ሰማች። መጀመሪያ የልጅቱ ሳቅ ነበር።

«ማሚቱ፣ ውጪ ከዚያ።»

ሳቁ ቆመ። እጀታው ተነካካ፤ ከዚያ ልቅሶ መጣ። «እማ፣ እምቢ አለኝ።»

«ጠምዝዣት የኔ እናት፣ ብረቷን መልሰሽ ጠምዝዣት።»

«እምቢ አለኝ።»

ተሻለች በሩን በትከሻዋ መታችው። ፈረንጅ የሠራው በር ነው፤ ንቅንቅ አላለም። እንደገና መታችው። ከውስጥ አንድ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ የልጅቱ ድምፅ ጠፋ፤ የውሃው ብቻ ቀረ።

ወደ በረንዳው በረረችና ጮኸች። «ኡኡ! የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! ልጄን!»

በታች ሰፈር ኡኡ ሲባል ሰው የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም። ሊጥ በእጇ እንደተለጠፈ፣ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ የተጣላውም የተኮራረፈውም ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ተሻለች ራሷ ስንት ጊዜ ወጥታለች። እዚያ በረንዳ ላይ ቆማ ስትጮህ ታዲያ ያየችው ይህን ነው፦ በወይዘሮ የውብዳር ቤት መጋረጃ ተነቃነቀ። መስኮቱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ባለው ቤት የራዲዮው ድምፅ ከፍ አለ። በመግቢያው ዘበኛው ከዲሮ ከወንበሩ ተነስቶ ወደሷ አየ፤ አንድ እግሩን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠ። ውሾች ብቻ ጮኹላት።

ዳግመኛ አልጮኸችም። ዘነዘናውን ከወጥ ቤት አነሳች፣ በጓሮ ዞረች፣ የልብስ ማጠቢያውን በርሜል ደፋች፣ ላዩ ላይ ወጣች፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት ሰበረች። መስኮቱ ጠባብ ነው። እንዴት እንዳለፈችበት እሷም እስከ ዛሬ አታውቀውም፤ ከክንዷ እስከ ጎኗ መስታወቱ ሸርክቷታል። ማሚቱ ገንዳው ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። በጸጉሯ ይዛ አወጣቻት፤ ጉልበቷ ላይ ዘቅዝቃ ጀርባዋን መታቻት፤ መታቻት፤ ውሃ ከአፏ ወጣ፤ እንደገና ወጣ፤ ከዚያ አሳላት። ተሻለች ልጇን አቅፋ በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ በደምና በውሃ መካከል፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ልቅሶው በንዴት ተበልቶ ነበር።

ደመቀ ከሮቤ ሲመለስ ሁሉን ነገረችው። ደነገጠ፤ ልጁን አቅፎ ሳመ። ከዚያ ብሎን መፍቻውን አመጣና ያችን ብረት ከበሩ ላይ ነቀላት። በማግስቱም መስታወት አስገባ።

«ይኸው፤ ከእንግዲህ አይቆለፍም» አለ እጁን እያበሰ።

ተሻለች አየችው። «እኔ የምነግርህ ስለ ብረት ነው?»

«ታዲያ ስለ ምንድን ነው?»

«ጮኼ ሰው አልወጣም ነው የምልህ።»

«አልሰሙሽማ።»

«መስኮት የሚዘጋ ሰው ሰምቶ ነው። ራዲዮ የሚከፍት ሰው ሰምቶ ነው። ደመቀ፣ ቤታችን ከመያዙ በፊት እንመለስ። ጓድ አሰግድ እሑድ ለሌላ ሊሰጡት ነው አሉ።» አሰግድ የታች ሰፈሩ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። የድሮ ክፍላቸው እነሱ ከወጡ ጀምሮ ታሽጎ ነበር።

ደመቀ ተቀመጠ። እንደ አስተዋይ ሰው ሊያስረዳት ሞከረ። እዚያ አንድ ክፍል፣ እዚህ አራት። እዚያ ለስድስት ቤት አንድ ሽንት ቤት። በክረምት ጭቃው እስከ ጉልበት። ጎረቤት ያልሽው ደግሞ ወጥሽ ሲፈላ ድስትሽን የሚገልጥ፣ ባልና ሚስት ሲያንሾካሽኩ ግድግዳ ላይ ጆሮ የሚለጥፍ። በርበሬ ተበድራ የመለሰችልሽ ሴት አለች? ያቺ ማን ነበረች፣ ማሚቱ ስትወለድ ሦስት ቀን ሙሉ እቤታችን ተቀምጣ እኔን በረንዳ ያሳደረችኝ?

«እማማ አልጣሽ ናቸው» አለች ተሻለች። «ሦስት ቀን የተቀመጡት እኔ ደም ስለፈሰሰኝ ነው።»

«እሺ፤ እሱ ይቆይ። እዚህ ልጅሽ በንጹሕ ታድጋለች።»

«በንጹሕ ልትሞትብኝ ነበር።»

ያን ቀን ከዚህ አላለፉም። ተሻለች ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወይዘሮ የውብዳር ቤት ሄደች። በዚህ ጊዜ ፋጡን በር ላይ አልጠበቀችም፤ አልፋ ገባች። ወይዘሮ የውብዳር ሹራብ እየሠሩ ነበር። መርፌዎቹ በእጃቸው ቀሩ።

«ማክሰኞ ስጮህ ሰምተውኛል?»

ወይዘሮ የውብዳር ወደ መስኮቱ አዩ። ውሸት የሚፈልጉ መሰሉ፤ አላገኙም። «ሰምቼሻለሁ» አሉ። «መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ልጄ እየሞተች ነበር።»

«ልጅሽ መሆኗን አላወቅኩም። ባልሽን ሊወስዱ የመጡ መስሎኝ ነው። ድምፅሽ... እንደ አሰፋች ድምፅ ሆነብኝ።»

«አሰፋች ማን ናት?»

ወይዘሮ የውብዳር ሹራባቸውን አጣጠፉ። «ሻይ ላስፈላልሽ?» አሉ።

ፋጡ ናት የነገረቻት፣ በማግስቱ ከትምህርት ሲወጡ፣ ከጋራዡ ጀርባ። «እትዬ፣ ፋጡ ነገረችኝ እንዳይሉ» ብላ ጀመረች። በዚያ ቤት ከእነሱ በፊት የነበሩት የጥገናው ክፍል የድሮ ኃላፊ አቶ ገብረ መድህንና ሚስታቸው አሰፋች ናቸው። በ1970 ክረምት፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ በላንድሮቨር የመጡ ሰዎች አቶ ገብረ መድህንን ከእራት ገበታ አንስተው ወሰዷቸው። አሰፋች በረንዳው ላይ ወጥታ ድምፅዋ እስኪዘጋ የሰው ያለህ አለች። ከሌሎቹ አሥራ አንድ ቤቶች አንድ በር አልተከፈተም። «እኔ የበሩን እጀታ ይዤ ነበር» አለች ፋጡ። «እመቤቴ ተይ አሉኝ። ራዲዮውን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩት።» ሰውዬው አልተመለሱም። አሰፋች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤቱን ልቀቂ ተባለች። ወደ ሲሬ፣ ወደ ወላጆቿ ስትሄድ ጓዟን የጫነችው ብቻዋን ነው። «ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ቤት የሚሄድ የለም እትዬ። እርስዎን ጠልተው አይደለም። ቤቱን ነው የሚፈሩት።»

ተሻለች እቤቷ እስክትደርስ እግሯ መሬት መርገጡን አላወቀችም። የገብረ መድህንን ስም ታውቀዋለች። ደመቀን ሙያ ያስተማሩት፣ ከገጠር እንደመጣ እጁን ይዘው ሞተር ያስፈቱት፣ እሳቸው ናቸው። «አለቃዬ ወደ ባሌ ተዛወሩ» ብሎ ነው የነገራት።

ደመቀ ከሥራ ሲገባ ጠበቀችው። «ጋሼ ገብረ መድህን የት ናቸው ያሉት?»

ፊቱ አመድ ሲመስል አየች። «ማን ነገረሽ?»

«የት ናቸው?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

«ወደ ባሌ ተዛወሩ አላልከኝም?»

«ምን ልበልሽ ነበር? እንቅልፍ አጥተሽ እንድታድሪ?»

«በሳቸው አልጋ ላይ ነው ያስተኛኸኝ» አለችው። «የመንግሥት ዕቃ ነው ብለህ። አሰፋች ባሏን ያጣችበት ገበታ ላይ ነው ልጄን የማበላት። እሷም እንደኔ ያን በረንዳ ይዛ ጮኻለች። አንተ ደግሞ ውሃው፣ ውሃው ትለኛለህ።»

«ተሻለች፣ ድምፅሽን።»

«ማን ይሰማኛል? ይስሙኝ እስቲ። አንድ ሰው ይስማኝና ይምጣ።»

ደመቀ መስኮቶቹን ዞሮ ዘጋ። ያን ጊዜ ነው ተሻለች እዚህ ቤት አንድ ሳምንት እንኳ ልትጨምር እንደማትችል የቆረጠችው፤ ባሏ መስኮት ሲዘጋ አየችውና። እንዴት በፍጥነት ለመደው!

«ቤቱን አልፈልግም ብል ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?» አላት ቀስ ብሎ። «ለማን አዝነህ ነው ይሉኛል። ቤቱ ምን ጎደለው ይሉኛል። እኔ ደፋር አይደለሁም። ድፍረት እያለኝ የደበቅኩሽ አይምሰልሽ።»

ይህን ሲላት ለአንድ አፍታ አዘነችለት። ንዴቷ ግን አልበረደም። ሰው ሊታዘንለትም ሊናደዱበትም ይችላል፤ ለሁለቱም ቦታ አለ።

እሑድ ጠዋት ማሚቱን አዝላ ወደ ታች ሰፈር ወረደች። ማመልከቻ ያስፈልጋል ብለዋት ስለነበር በራሷ እጅ ጻፈችው፤ ጸሐፊ አልቀጠረችም። ምን ብላ እንደምትጽፍ ሌሊቱን ስታስብ አድራለች። እውነቱን መጻፍ ደመቀን ማስበላት ነው። ውሸት መጻፍ ደግሞ፣ ፊደል የተማረችው ለዚህ ነው? በመጨረሻ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፈች፤ ፊደሎቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያሉ።

ጓድ አሰግድ በስብሰባው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «በላይኛው ሰፈር ሰው ስለሌለ ልጄን ማሳደግ አልቻልኩምና ቤቴ ይመለስልኝ።» ቀና አለ። «ጓድ ተሻለች፣ እዚያ ሰፈር አሥራ ሁለት ቤት አለ። አሥራ ሁለት አባወራ። ሰው የለም ማለት ምን ማለት ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዷ፣ «ባኞው ጠበባት መሰለኝ» አለች፤ ሌላዋ «የቦኖው ወረፋ ናፍቋት ነው፤ ከኔ ኋላ ትሰለፋ» አለች።

«ኖሬ አይቻለሁ» አለች ተሻለች። «የለም።»

አሰግድ ሳቁ እስኪያልፍ ወረቀቱን እያገላበጠ ቆየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው ግን ያስፈራዋል። «ቪላ ጠልቶ ወደኛ የወረደ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም» አለ። «ለማንኛውም የአባወራው ፊርማ ከሌለበት አልቀበልም። እስከ ረቡዕ እጠብቅሻለሁ። ረቡዕ ካለፈ ቤቱ ለሌላ ነው።»

ተሻለች ወደ ዳገቱ አልተመለሰችም። እማማ አልጣሽ ቤት ገባች። እማማ አልጣሽ ባል የሞተባቸው፣ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ፣ ምላሳቸው ከጠላቸው በላይ የሚያሰክር ሴት ናቸው። የሆነውን ሁሉ ሰሙ፤ የመስታወቱን ቁስል ገልጠው አዩ፤ ቅቤ ቀቡት። «ይምጣ ብቻ ባልሽ» አሉ።

ማክሰኞ ሲመሻሽ ደመቀ መጣ። የሥራ ቱታውን አልለወጠም። «ተነሺ እንሂድ» አላት ከበር ሳያልፍ።

«ግባና ተቀመጥ» አሉት እማማ አልጣሽ።

«እማማ፣ ከሚስቴ ጋር ብቻችንን ነው የምንነጋገረው።»

«ተነጋገሩ፤ ማን ከለከላችሁ? እኔ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ነው።»

ገና ሳይቀመጥ አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ገባች፤ ወንፊቱን ተቀብላ ተቀመጠች። ሁለተኛዋ ያን ወንፊት ፍለጋ መጣችና እሷም ተቀመጠች። ጡረታ የወጡት ድሬሰር አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ለጠላ መጥተው መደቡን ያዙ። ክፍሉ ሞላ። ደመቀ ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ፣ «ይኸውላችሁ፣ ይህን ነው የምላት» አለ። «እዚህ ሰፈር ሰው ትንፋሹ እንኳ የራሱ አይደለም።»

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉ እማማ አልጣሽ። «እኛ ክፉዎች ነን። ተናገር፣ እንሰማለን።»

«ልጄ ስትሰምጥ ጎረቤት ነበረኝ ወይ?» አለች ተሻለች። ጮክ ብላ ነው፤ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «እሱን ንገራቸው። ለምን እንዳልወጡም ንገራቸው። ከኛ በፊት እዚያ ቤት ማን ነበር? ጋሼ ገብረ መድህን የት ሄዱ?»

ወንፊት ልትዋስ የመጣችው ሴት ተነሳች። «ሽሮዬ ያርርብኛል» ብላ፣ ወንፊቱንም ረስታ፣ ወጣች። ተሻለች በዓይኗ ተከተለቻት። እዚህም መስኮት የሚዘጋ አለ ለካ፤ መስኮት ስለሌላቸው ነው እንጂ። ዞር ብላ ስታይ ግን ሌሎቹ እንደተቀመጡ ናቸው። እማማ አልጣሽ ቢላዋቸውን ሽንኩርቱ ላይ አቁመዋል። ማንም ማንንም አያይም። ማንም ግን አልተነሳም።

ደመቀ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። «እምቢ ብዬ ቤቱን ብመልስ» አለ ወደ መሬት እያየ፣ «ምክንያቱን ይጠይቁኛል። ምን እላቸዋለሁ?»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱን ብርድ መቷታል» አሉ። «የጭላሎ ነፋስ ደረቷ ላይ ወርዷል። እኔ ሠላሳ ዓመት መርፌ የወጋሁ ሰው ነኝ፣ አይቼ ብርድ ነው ብያለሁ፤ ለጠየቀህ ሁሉ ወደኔ ላከው። ወዲህ ዝቅ ያለ ሰፈር ይሻላታል። ሕመም እኮ ማንንም አይከስም።»

«ብርድ አይደለም» አለች ተሻለች።

እማማ አልጣሽ ጭኗን ቆነጠጧት። «ብርድ ነው» አሉ። «እኔም ሲያስላት ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ከጥግ ያለችው።

ደመቀ ቀና ብሎ አያቸው። ይህን ያህል ሰው በአንድ ውሸት ከሱ ጎን ሲቆም አይቶ አያውቅም። ማመልከቻውን ተቀበለና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ተሻለች ወረቀቱን ስትቀበለው ደስ ሊላት ሲገባ ንዴቷ ተመለሰ። «ሰው ስለሌለ» ከሚለው በታች አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በመሃል ተቀብለው በቆንጆ ጽሕፈታቸው «በተጨማሪም ልጅቷን ብርድ ስለሚያማት» የሚል ጨምረውበት ነበር። ቤቷን ያገኘችው በብርድ ነው እንጂ በእውነቷ አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ደመቀ ወደ ሥራ እንደሄደ ጋሪ ተከራይታ ጓዟን ልታወርድ ወጣች። ጋሪ ነጂው ቱሳ ፈረሱን ከበረንዳው አጠገብ አቆመ። ከባድ የሚባለው ሳጥኗ ነበር። አንዱን ጫፍ ቱሳ ይዞ ሌላውን እሷ ልትይዝ ስትል ወይዘሮ የውብዳር በአጥሩ ጫፍ በኩል መጥተው ቆሙ። ሹራብ ተከናንበዋል።

«ሄድሽ?» አሉ።

«ሄድኩ።»

«ለኔም ቀላል አይደለም፣ ተሻለች። ሰው ድንጋይ አይደለም።»

ተሻለች ሳጥኑን ለቀቀችና ዞረች። «ወይዘሮ የውብዳር፣ አሰፋች ስትሄድ ጓዟን ማን አነሳላት?»

ወይዘሮ የውብዳር ዞር ብለው የሌሎቹን ቤቶች መስኮት አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የሳጥኑን ጫፍ ያዙ። ጉልበት የላቸውም፤ ሁለት ጊዜ አሳረፉት፤ እስከ ጋሪው ድረስ ግን ተሸከሙት። ሲጨርሱ እጃቸውን በሹራባቸው ጠረጉና ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቆዩ። ተሻለች አላመሰገነቻቸውም። ማሚቱን አንስታ ጋሪው ላይ አስቀመጠች፣ እሷም ከጎኗ ወጣች።

ከዲሮ በሩን ከፈተላቸው፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቱሳ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ቁልቁለቱን ጀመረ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደኋላ ዞሮ ቪላዎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሀዳ ማሚቱ» አላት፣ በኦሮሞ ወግ በልጇ ስም እየጠራት፣ «እንዲህ ያለ ቤት ምን አግኝቶሽ ነው የምትለቂው? ብርድ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ብርድ አይደለም» አለች ተሻለች፤ ነገረችውም። ከገንዳው ጀምራ፣ ከመስኮቱ፣ ከራዲዮው። አሰፋች ላይ ስትደርስ፣ ላንድሮቨሩ ላይ ስትደርስ፣ ቱሳ ግራና ቀኙን አየ። መንገዱ ዳር ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ።

«ሱታ፣ ሀዳ ማሚቱ፣ ሱታ» አላት። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ። መንገድ ላይ ነን።»

ተሻለች ድምፅዋን አልቀነሰችም።